ለውሻ የተሰጠ ብር ከልጅ አፍ የተነጠቀ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በፌስቡክና በቴሌግራም በሰፊው ሲዞር ከርሟል። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ አነስተኛ የውሾችና የድመቶች መጠለያ ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በጎፈንድሚ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። ጸሐፊው ይህን አይተው ተቆጡ፤ ቁጣቸውንም በጥሩ አማርኛ ጻፉት። ሰዉ ተቀባበለው። ለእኔም ከዘመድም ከወዳጅም ተላከልኝ። «አንተ ምን ትላለህ?» ያሉኝ ስለበዙ መልሴን እዚህ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ሰው ተርቦና ተፈናቅሎ ባለበት አገር ለውሻና ለድመት ገንዘብ መስጠት ነውር ነው፤ ለውሻ የተሰጠ ብር ከልጅ አፍ የተነጠቀ ነው ይላል። ነገሩ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ ባህላችንም ሃይማኖታችንም አያውቀውም ይላል። ቀጥሎ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ይሄድና መፍትሔው የጎዳና ውሾችን ማስወገድ እንጂ መቀለብ አይደለም ይላል። መጠለያ ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ ነው፣ ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ አልሞላችውም የሚል አራተኛ ነጥብ አለው። በመጨረሻም በእንስሳት ስም የሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው ማጭበርበር እንደሆነ ይናገራል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለተቸገረ ሰው የሚቆረቆሩ መሆናቸው ግን ከጽሑፋቸው ይታያል። በዚህ አከብራቸዋለሁ። የደረሱበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ሦስተኛው ነጥባቸው ደግሞ ሥራ ላይ ቢውል ሰውንም የሚጎዳ ነው።

ሰው እየተራበ ለውሻ? ጥያቄው ያማል። በጦርነትና በድርቅ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን እያለን እንዲሁ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ከፊቴ አንድ የራበው ሕፃንና አንድ የራበው ቡችላ ቢቆሙ፣ በእጄ ያለውም አንድ ዳቦ ብቻ ቢሆን፣ ዳቦው የሕፃኑ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለንም።

ነገር ግን ለመጠለያው 20 ዶላር የላከው ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ አልገጠመውም። ደመወዙን ተቀብሎ የቤት ኪራይ ከፍሏል። ለእናቱ ልኳል። ዕቁቡን ጥሏል። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ክትፎ በልቷል። ከዚያ ከተረፈው ላይ ለውሾቹ ሰጠ። ጸሐፊው ስለ ክትፎው ምንም አላሉም። ስለ ሠርግ ድግሱ፣ ስለ ውርርድ ቤቱ ትኬት፣ ስለ አዲሱ ስልክም አላሉም። «ከልጅ አፍ ነጠቅህ» የተባለው ለሌላ ፍጡር ያዘነው ሰው ብቻ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ልጆቻችን የሚራቡት ለድመት ክትባት ገንዘብ ስለተከፈለ አይደለም። በጦርነት፣ በድርቅና በኑሮ ውድነት ነው የሚራቡት። መጠለያው ነገ ቢዘጋ ያ 20 ዶላር ተነስቶ ወደ ተፈናቃዮች ካምፕ አይሄድም።

ቁጥሩንም እንይ። ለእንስሳት በመስጠት ስሟ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካ ናት። እዚያ በዓመት ከሚለገሰው ገንዘብ ለእንስሳትና ለአካባቢ ጥበቃ ተደምሮ የሚደርሰው ከመቶ 3 ወይም 4 ያህል ብቻ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት የሃይማኖት ተቋማት ናቸው። ውሻ ሰውን ገፍቶ ማዕዱን እንደያዘ ተደርጎ የተሳለው ሥዕል እውነት አይደለም።

ደግሞ ለእንስሳ የሚያዝን ለሰው ማዘን ይሳነዋል የሚለውን ሐሳብ ታሪክ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ የሚከላከለው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበር። የባሪያ ንግድ እንዲቀር በእንግሊዝ ፓርላማ ለዓመታት የታገለው ዊልበርፎርስ። ለባሪያውም ለጋሪ ፈረሱም የሚሆን ርኅራኄ ነበረው።

ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1874 ሜሪ ኤለን የምትባል የ10 ዓመት ገደማ ልጅ በአሳዳጊዋ ትደበደብ ነበር። አንዲት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ልጅቷን ለማዳን በብዙ ደጅ ጠናች፤ የሚሰማት አጣች። በመጨረሻ የሄደችው የአሜሪካን የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ወደመሠረተው ወደ ሄንሪ በርግ ነው። በርግ በጠበቃው አማካይነት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ልጅቷ ዳነች፤ አሳዳጊዋ ታሰረች። ከዚያ ተነስቶ በከተማዋ ሕፃናትን ከጥቃት የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ማኅበር ነው። ለጋሪ ፈረስ የሚሟገተው ሰው ለልጅቷም ተሟገተላት።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ቀዳሚ ከሚባሉት ናት። በለጋሾች ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች በየገበያው የቆሰለ የአህያ ጀርባ ሲያክሙ፣ ሲከትቡ፣ ጥሩ ጭነት አጫጫን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ገንዘቡ በወረቀት ላይ «ለአህያ» ነው። አህያዋ ስትድን ግን የሚቀልለው ውኃና እህል በጀርባዋ ልትሸከም የነበረችው ሴት ኑሮ ነው። ለእንስሳ የተሰጠ ገንዘብ ሁልጊዜ በእንስሳው ላይ ብቻ አይቀርም።

ጸሐፊው በዚህ ፈንታ ለመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ስጡ ያሉትን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ስጡ። ለመቄዶንያ መስጠት ለመጠለያው መስጠትን አይከለክልም።

ወደ ባህልና ሃይማኖት ልለፍ። ጸሐፊው የልጆችን እንጀራ ለቡችሎች መጣል አይገባም የሚለውን የወንጌል ቃል ጠቅሰዋል። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ከነናዊቷ ሴት «ቡችሎችም እኮ ከጌቶቻቸው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ» የሚል መልስ ሰጠች። እምነቷ ተመሰገነ፣ ልጇም ዳነች። ንባቡ ስለ እምነት እንጂ ስለ ውሻ ቀለብ እንዳልሆነ ማንኛውም የቤተ ክርስቲያን መምህር ይነግረናል። ለዚህ ጉዳይ መጠቀሱ ካልቀረ ግን እስከ መጨረሻው ይጠቀስ።

ከመንገድ የተነሳ እንስሳ ማብላትና ማጠጣት ከውጭ የመጣ ነገር ነው ማለት ይከብደኛል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያላየ ኦርቶዶክሳዊ አለ? አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸዋል፤ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። የአልዓዛርን ቁስል ሀብታሙ አላየለትም፤ የላሱለት ውሾች ናቸው። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ያን ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት ተጉዟል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውኃ ቀድታ ያጠጣችውንና በዚያ ሥራዋ ምሕረት ያገኘችውን ሴት ሐዲስ ያውቁታል። ድመቷን አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ምን እንዳገኛትም ያውቃሉ። ሐረር ላይ በዓሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ ይቀርባል። ለጅብ ገንፎ የሚያቀርብ አገር ለውሻ ማዘንን ከፈረንጅ ተማረ ሊባል አይገባም።

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ውሻን ቤት ውስጥ ማኖር፣ ልብስ ማልበስ፣ ልደት ማክበር የእኛ ልማድ አይደለም። ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የውሻ ምራቅ የንጽሕና ጥያቄ ያስነሳል፤ ይህም ሊከበር ይገባል። መጠለያው ግን ውሻ አልጋችሁ ላይ አስተኙ ብሎ ማንንም አልጠየቀም። የጠየቀው የክትባት፣ የቀዶ ሕክምናና የምግብ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የእብድ ውሻ በሽታ።

ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ትክክል ነው። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። የሚሞቱት በአብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። በበሽታው በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ሲተላለፍ 99 በመቶ ያህሉ በውሻ በኩል ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በዓመት ከ2 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞትባት ይገመታል። ማታ ከሥራ ሲመለስ የውሻ መንጋ የሚያሳድደውን ሰው ፍርሃት አላቃልልም። በእጁ ዱላ ይዞ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ምክንያት አለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጸሐፊው ማስወገድ ነው ይላሉ። ይህ በተግባር መርዝ ማለት ነው። አዲስ አበባም ሞክራዋለች። ስትሪክኒን የተደረገበት ሥጋ ሌሊት በየሰፈሩ ሲጣል፣ ጠዋት ውሾች መንገድ ዳር ተገትረው ሞተው ሲገኙ ብዙ የከተማዋ ልጅ ያስታውሳል። መርዙ መራጭ አይደለም። የተከተበውንም፣ ባለቤት ያለውንም፣ ሬሳው ላይ ያረፈውን ጥንብ አንሳም ይገድላል። ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ላይ የሚጣል መርዝ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ውሾቹ አለቁ? አላለቁም። በሽታውስ ጠፋ? አልጠፋም።

ይህ በሌላ አገርም ተደጋግሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢስታንቡል ባለሥልጣናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን በመርከብ ጭነው ውኃና ምግብ ወደሌለበት ደሴት ወሰዱና እዚያ ጥለዋቸው በረሃብ አለቁ። ኢስታንቡል ዛሬም የጎዳና ውሻ ያላት ከተማ ናት። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው በ1997 ሲገባ ከ600 ሺህ ያህሉ የደሴቱ ውሾች ግማሽ የሚሆኑት ተገደሉ። በሽታው ደሴቱን አልለቀቀም። ባሊ ደግሞ በ2008 ሲደርስባት በግድያ ጀመረች፤ የሰው ሞት የቀነሰው ግን በ2010 ደሴቲቱን በሙሉ ያዳረሰ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ግድያ የማይሠራበት ምክንያት አለው። የውሾችን ቁጥር የሚወስነው የሚበሉት ነገር ነው። ሥጋ ቤቱ አጥንቱን ውጭ ከጣለ፣ የቆሻሻ ገንዳው ለቀናት ሞልቶ ከፈሰሰ፣ የሚበላ አለ። ነባሮቹ ሲሞቱ ከአጎራባች ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፤ የተረፉትም ያገኙትን ምግብ በልተው ብዙ ቡችላ ያሳድጋሉ። አዲስ መጪዎቹ አልተከተቡም። ቦታ ለመያዝ እርስ በርስ ይናከሳሉ። በሽታው የሚተላለፈው በንክሻ ነው። ስለዚህ ከግድያው በኋላ ያለው ሰፈር ከግድያው በፊት ከነበረው የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የምግብን ጉዳይ እዚሁ አገራችን የተሠራ አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች ጅቦች በዓቢይ ጾም ምን እንደሚበሉ አጠኑ። በ55ቱ ቀናት ሰው ሥጋ ሲተው የሚጣለው አጥንትና ቆዳም ይቀንሳል። ጅቦቹ በዚያ ሰሞን ወደ አህያ አደን ዞሩ፤ ፋሲካ ሲያልፍ ወደ ቆሻሻው ተመለሱ። የምንጥለው ነገር በዙሪያችን ያሉትን እንስሳት ኑሮ እንዲህ ይገዛዋል። ሕንድ ደግሞ በተቃራኒው አየችው። ለከብት በሚሰጥ አንድ የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ጥንብ አንሶቿ ሲያልቁ በየሜዳው የቀረው ጥንብ ለውሾች ተረፈ። ውሾቹ በዙ፤ የሰው ንክሻም አብሮ ጨመረ።

የሚሠራው መንገድ ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይቆረጣል። የተከተቡት ውሾች በበሽታውና በልጆቻችን መካከል እንደ አጥር ይቆማሉ። ሜክሲኮ ይህን አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990 በውሻ ንክሻ ምክንያት 60 ሰዎች ሞተውባት ነበር። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ውሾችን በነፃ መከተብ ጀመረች። ከ2006 ወዲህ በውሻ ምክንያት በበሽታው የሞተ ሰው አልነበረም፤ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን በማረጋገጥ የመጀመሪያዋ አገር አደረጋት። ሜክሲኮ ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ውሾቿን ስለከተበች ነው።

የዋጋው ነገር ደግሞ ራሱ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ የተነከሰ ሰው የሚያስፈልገው ሙሉ ክትባት በአማካይ 108 ዶላር ያህል ያስወጣል።  ከገጠር ለሚመጣ ገበሬ ይህ የሚሸጥ በግ ነው። አንድ ውሻ መከተብ ግን ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል። እኛ አገር ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት ነው። ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመላልሶ 14 ቀን በተከታታይ ሆዱ ላይ የተወጋ ሰው ነገሩን አይረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ማሳሰብ የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ውሻውን አስቀድሞ መከተብ ሰውን ከዚህ ሁሉ ያድነዋል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ያዙ። ውሻ ወይም ድመት ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበልም ሆነ የባህል ሐኪም የምትሄዱ ከሆነ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ።

ለውሻ ክትባት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ባሌ ላይ ይታያል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚኖሩትም ባሌ ተራሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ከእረኞች ውሾች የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ በአንዱ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በውጭ ለጋሾች ገንዘብ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾችን ይከትባል። ቀበሮው ይጠበቃል። የገበሬው ላም በእብድ ውሻ ተነክሳ ከመሞት ትድናለች። ልጁም ይድናል። ጸሐፊው በዚህ ገንዘብ ውስጥ የቱ ብር የውሻ፣ የቱ ብር የሰው እንደሆነ ለይተው ሊያሳዩኝ አይችሉም።

አራተኛው ነጥብ መጠለያ ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። ሳያመክን፣ ማለትም እንስሳቱ እንዳይወልዱ ሳያደርግ፣ የሚቀበል መጠለያ በእርግጥ አይሞላም። ከአቅም በላይ እንስሳ አጭቆ በሽታ የሚያራባ መጠለያም አለ፤ በቅንነት የተጀመረ ሆኖ ሳለ። አንድ ሺህ ብር ብቻ ያለው ሰው ምከረኝ ቢለኝ መጀመሪያ ለክትባት፣ ቀጥሎ ለማምከን፣ ከዚያ ለማኖሪያ ስጥ እለዋለሁ።

ግን ማምከኑ የት ይካሄዳል? አንዲት የጎዳና ውሻ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ ሆዷ ተከፍቶ ተሰፍቶ በዚያው ቀን ወደ አስፋልት ልትመለስ አትችልም። ቁስሏ እስኪደርቅ ንጹሕ ቦታና ጠባቂ ያስፈልጋታል። መኪና የገጨው፣ የተቃጠለ፣ ከእናቱ የተለየ ቡችላም እንዲሁ። ያ ቦታ ነው መጠለያ የሚባለው። በሚገባ የሚሠራ መጠለያ ከሚያኖራቸው ይልቅ አክሞ፣ ከትቦ፣ አምክኖ ወደ ሰፈራቸው የሚመልሳቸው ወይም ለቤተሰብ የሚሰጣቸው ይበዛሉ። ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ያለው ውሻ ካያችሁ የተከተበና የመከነ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የእኛ ከተማ ችግር ምንጭ ጎዳናው ብቻ አይደለም፤ ግቢያችንም ነው። ለጥበቃ ወንድ ውሻ ይፈለጋል። ሴቷ ትወልዳለች ተብላ ገና በቡችላነቷ በካርቶን ተደርጋ ወንዝ ዳር ወይም ገበያ ጥግ ትጣላለች። ያቺ የተጣለችው ካደገች በሁለት ወር እርግዝና ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ድመትም እንደዚያው ነው። ለአይጥ ተብሎ ይመጣል፣ ሲባዛ ይጣላል። ለአንዲት ሴት ውሻ ማምከኛ የተከፈለ ገንዘብ የሚያስቀረው ብዙ የሚራቡ ቡችሎችን ነው። ጸሐፊው የጎዳና ውሻ ይቀንስ ካሉ ይህን ሥራ ሊደግፉት ይገባል።

ስለ አሜሪካ ያቀረቡት ቁጥር ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው። በዓመት 6 ሚሊዮን ያህል ውሻና ድመት ወደ መጠለያ እንደሚገባ፣ ብዙ መቶ ሺህ እንደሚገደል ጽፈዋል። ልክ ነው፤ ያሳዝናል። ያልጻፉት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ መጠለያዎች በዓመት የሚገደሉት ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ይገመታል። በ2019 ግምቱ ወደ 920 ሺህ ወርዷል። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ ሕዝብም የሚያሳድጋቸው ውሾችና ድመቶችም ጨምረዋል እንጂ አልቀነሱም። ለውጡን ያመጣው በትንሽ ክፍያ የሚያመክኑ ክሊኒኮች መስፋፋታቸው፣ ሰው ከመሸጫ ይልቅ ከመጠለያ እንዲወስድ መቀስቀሱ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች መብዛታቸው ነው። አብዛኛው በልገሳ ገንዘብ የተሠራ ነው። ይህ ማለቂያ የሌለው ጉድጓድ አይመስልም።

የመጨረሻው ነጥብ ማጭበርበር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዙ እውነት አላቸው። ለካሜራ ተብሎ ቡችላ ሆን ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ «አዳንነው» የሚባልባቸው ቪዲዮዎች አሉ። ድመትና እባብ አፋጥጠው የሚቀርጹ አሉ። እነዚህ ጨካኞች ናቸው፤ ገንዘብ ሊደርሳቸው አይገባም፤ ማጋራትም የለብንም። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በየወሩ የሚለምኑት ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶችም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የየሰፈሩን መጠለያ የሚያስተዳድሩ አይደሉም፤ የሰጡት ገንዘብ ጎረቤታቸው ላለው መጠለያ የሚደርስ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል።

ግን በወላጅ አልባ ልጆች ስምም፣ በታማሚ ስምም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ማሠሪያ ስምም ተጭበርብሯል። በዚህ ምክንያት ለታማሚ መስጠት ይቁም ያለ ሰው አልሰማሁም። የሚባለው አጣርታችሁ ስጡ ነው። ለመጠለያም ይኸው ይሠራል።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት አመከናችሁ፣ ስንት ከተባችሁ? የክትባት መዝገብ አላችሁ? የምትሠሩት ከየትኛው የእንስሳት ሐኪም ጋር ነው? ስንት እንስሳ ትይዛላችሁ፣ ሲሞላስ ምን ታደርጋላችሁ? መጥቼ ማየት እችላለሁ? አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካላችሁ ቅዳሜ ሄዶ ይይላችሁ። ገንዘቡን በመጠለያው እጅ ከማስቀመጥ ይልቅ በቀጥታ ለክሊኒኩ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በዚህ ደስ ይላቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል። በዚያ ሰሞን መጠለያው በሰፈሩ ላሉ ባለቤት ያላቸው ውሾች ጭምር የነፃ ክትባት ለመስጠት አስቦ እንደሆነ ጠይቁት። አዎ ካለ የአንድ ሰፈር ውሾች ክትባት ወጪ ተከፋፍላችሁ ቻሉለት።